ደርቤ ይደግማል ወይ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1931

ይህ ደብተር ሁለት ፊት አለው። ከፊት በኩል ያለው የወንድሜ የደርቤ ነው፤ የኔታ ወልደ ሰንበት ያዘዙኝን እጽፍበታለሁ። ከኋላ ገልብጬ የምጽፈው የኔ ነው። ማንም አያየውም። ቢያየውም አያነበውም፤ በኛ መንደር ከየኔታና ከኔ በቀር ፊደል የለየ የለም።

ደብተሩን የኔታ ከይጁቤ ገበያ ነው ያስገዙት። ልባሱ ላይ የብረት ቆብ የደፋ ጣሊያን ተሥሎበታል። አፍንጫውን በቀለም አጠቆርኩለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርቤ የጎረቤታችንን የአያ ሙላትን የገብስ ክምር አቃጠለ። ኅዳር 28፣ በጠራራ ፀሐይ። ገብሱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ላለው ለጣሊያን በቅሎዎች የታሰበ ነበር። ማን እንዳቃጠለው ጣሊያን ቢሰማ ሽፍታ ነው ብሎ ይሰቅለዋል። ደርቤን! ሃያ ዓመቱ ነው፤ ልቡ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ልብ ነው። ጣቱን ሲቆጥር ሰባት ላይ ይጠፋበታል።

ሽማግሎቹ ሦስት ናቸው፤ የኔታ፣ አያ ገብረ ማርያምና ባሻ ታረቀኝ። አያ ሙላትን ለምነው ዝም አሰኙት። እሱም "እስከ ጥር ማርያም ዋዜማ መርምራችሁ ንገሩኝ። አይደግምም ካላችሁ ታረቅሁ። ይደግማል ካላችሁ ግን ለጣሊያን አስረክበዋለሁ" አለ።

እኔ ልጠብቀው፣ የሚሠራውንም በየቀኑ ልጽፍ ታዘዝኩ። "ዳዊት ሳትደግሚ ጥለሽው የሄድሽው ፊደል ለዚህ እንኳ ይሁን" አሉኝ የኔታ። ጥዬ አልሄድኩም። ከሩቅ የመጣ የአንድ ቆሎ ተማሪ ጥርስ በሰሌዳ አወለቅሁና፣ ይቅርታ ጠይቂ ሲሉኝ አልጠይቅም ብዬ ወጣሁ። መጣላትና ጥሎ መሄድ ለየቅል ነው።

ታኅሣሥ 6

ዋስ ጠፋ። ደርቤ ቢደግም በሱ ፈንታ ተይዞ የሚሰጥ ሰው ነው ዋስ ማለት። ማን ሞኝ ይቆማል? አጎታችን እንኳ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ የመንደራችን ጎረምሳ እንዳላማው ተነሣ። "እኔ ዋስ!" አለ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ፣ እንደዚያ ቀጥ ብሎ። ከደርቤ ጋር አብረው ያርሳሉ፣ ያውቀዋል። እኔ ግን ለኔ ብሎ መሰለኝ። ባለፈው ክረምት አረም ላይ "ጥሩነሽ፣ ያንቺ አፍ እሳት ነው" ብሎ ስቆልኝ ነበር። ያን ቀን ማታ እንጀራ አልበላሁም።

ቀና ስል የብርጓልን አየኋት፤ የአያ ሙላትን ልጅ። ከአጥሩ ኋላ ቆማ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እሱም ወደሷ አየ። ለምናው ነው! የከሳሽ ልጅ ለተከሳሽ ዋስ ትለምናለች! ደግነቷ ያንቃት።

ባሻ ታረቀኝ የኔን ነጠላ ጫፍ ከደርቤ ጋቢ ጫፍ ቋጠሩት። ሦስት ቀን ቁራኛ ሆነን እንከርማለን። ደርቤ ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

ታኅሣሥ 10

ከፊት የጻፍኩት ይኸ ነው። "ደርቤ ውሃ ቀዳ። በሬ ጠበቀ። በላ። ተኛ።" ይህን ለመጻፍ ነው ፊደል የቆጠርኩት?

እናቴ ከኔ ምስር ቀንሳ ለሱ ትጨምራለች። "የኔ የዋህ፣ የኔ ምስኪን" እያለች ጭንቅላቱን ትዳብሰዋለች። ከማይጨው አባታችን ሳይመለስ ሲቀር እንኳ እንዲህ አልዳበሰችኝም። ምንም ያላቃጠለ ሰው ማን ይዳብሰዋል?

እሳት መጫር ለሱ ስለተከለከለ አሁን የምጭረው እኔ ነኝ። እሳታችን በጠፋ ቁጥር ገሌን ይዤ የት ልሂድ? እሳቱ የማይጠፋ ቤት አንድ ነው፤ የነየብርጓል። በየጧቱ ፍሙን ትሰጠኛለች።

"በኩበት ልሸፍንልሽ እንዴ ጥሩዬ? እጅሽን እንዳያቃጥልሽ።"

"የኔን እጅ እሳት ያውቀዋል።"

ምን ማለቴ ነው? አፌ!

ታኅሣሥ 14

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር መረመሩት። አያ ገብረ ማርያም ናቸው የጠየቁት፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ልጃቸው።

"ደርቤ፣ ክምሩን ማን አቃጠለው?"

"እኔ።"

"ምን ሆነህ?"

ሳቀ።

"አያ ሙላት በድሎህ ነው?"

"አያ ሙላት ግልገል ሰጠኝ።"

"ታዲያ ደግመህ ታቃጥላለህ?"

ደርቤ አሰበ። "ሌላ ክምር አለው እንዴ?"

ባሻ ታረቀኝ ተነሡ። "ይኸው! ከአፉ ወጣ! ክምር ካገኘ ሊደግም ነው!"

"ባሻ፣ ይቀመጡ" አሉ የኔታ። "ልጁ ጥያቄው መች ገባው? እኔንም ጠጅ ትጠጣለህ ወይ ቢሉኝ አለ ወይ ነው የምል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በተጠየቀ ቁጥር ደርቤ እኔን ነበር የሚያየው። በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ይብሱን አየኝ።

ታኅሣሥ 16

የብርጓል ጥር 21 ታገባለች። ማንን? እሱን! የላካቸው ሽማግሎች እነአያ ሙላት ቤት የገቡት ኅዳር 28 ጧት ነበር። እኔ ግን ያኔውኑ ነው የሰማሁት። እናቴ ዛሬ እንደ አዲስ ወሬ ስትነግረኝ "ወግ ነው" አልኩና ወጣሁ። የበሬውን ጭራ ጎተትኩት። ረገጠኝ። ደግ አደረገ።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ፈተና ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ገል ላይ ፍም አስቀምጠው "ደርቤ፣ ይህን ለእናትህ አድርስ" አሉት። መንገዱ በባሻ ታረቀኝ ሁለት የጤፍ ክምሮች መካከል ነው የሚያልፍ። እኛ ከአጥር ኋላ ተደብቀናል፤ ሦስት ሽማግሌና እኔ። ባሻ የገዛ ክምራቸው ስለሆነ ያልባቸዋል።

እያንጎራጎረ መጣ። ክምሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የኔታ መስቀላቸውን ጨበጡ። ደርቤ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ፍሙን ከነፋሱ ከለለው፤ ከዚያ ቀስ እያለ አለፈ።

"ተመስገን!" አሉ የኔታ።

"እያዩት ማን ይሰርቃል?" አሉ ባሻ።

"መታየቱን በምን አወቀ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

ከፊት በኩል "ማንም ሳይነግረው በራሱ አለፈ" ብዬ ጻፍኩ።

እኔ ነኝ የነገርኩት። ጧት በጓሮ "ክምር ጋ ስትደርስ ቁም፤ ጋቢህን ሸፍን፤ ከዚያ እለፍ" ብዬ ስድስት ጊዜ አመላለስኩት። አንዲት ነገር አላጎደለም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ደስታው ጠፋ። እኔ ያልኩትን እንዲህ አድርጎ ከፈጸመ...

ተዪው። ቀለሜ አልቋል።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጾም ተፈታ። ደርቤ የሚወደውን ቅልጥም እንዳላማው አመጣለት። ለኔ "እንኳን አደረሰሽ" ብቻ። የብርጓል አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ወገቧ ላይ ሰፍቷታል። ሰፍቷታል፣ አይቻለሁ።

ጥር 4

መጣች። እዚህ ድረስ! "ጥሩዬ፣ ሹሩባዬን ካንቺ በቀር አሳምሮ የሚሠራልኝ የለም። ለሠርጉ ምን ዓይነት እንደሚሻለኝ እስኪ ዛሬ ሞክሪልኝ" አለች።

ምን ልበል? ደጅ ላይ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ጸጉሯ እስከ ወገቧ ነው። እግዜር ለአንዱ ሲሰጥ መስፈሪያ የለውም። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። በጣም ጠበቅ።

"ጥሩዬ፣ ቅንድቤ ወደ ላይ ወጣ!"

"ያምርብሻል። የተደነቀ ሰው ትመስያለሽ።"

ደርቤ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ይስቃል። እሷ ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ሰጠችው። እሱም በላ። ከኔ እጅ ሲበላ እንደዚያ አይስቅም። ወንድሜንም ልትወስድ ነው? ምን ቀራት?

ስትሄድ አቅፋ ሳመችኝ። "እንዳላማው የሚፈራው ደርቤን አይደለም" አለችኝ። "ልጁ በራሱ ክፉ አያስብም፤ ሌላ ሰው እንዳያስትብኝ ነው ይላል።" እሱ ይላል! ስታወራ ሁሉ እሱ ይላል፣ እሱ ይላል።

ጥር 8

ዛሬ ደግሞ ሊያናድዱት ሞከሩ። የባሻ ታረቀኝ ምክር ነው፤ "ቂመኛ መሆኑን የምናየው ሲበደል ነው" ብለው። ግልገሉን ከእቅፉ ነጥቀው ወሰዱበት። አንድ ጥፊም አቀመሱት። ደርቤ እየጮኸ አለቀሰ። እኔ ባሻ ላይ ልዘልባቸው ስል የኔታ በነጠላዬ ያዙኝ።

ባሻ ወደኋላ ሲሉ ዱላቸው ወደቀ። ደርቤ ንፍጡን በእጁ ጠረገ፤ ዱላውን አነሣ፤ ሰጣቸው። "ባሻ፣ ዱላዎ" አላቸው።

ባሻ ራሳቸው ግልገሉን አምጥተው ደረቱ ላይ አስቀመጡለት።

አያ ገብረ ማርያም "ይህ ልጅ ቂም የለውም" አሉ። "ቂም የሌለው ሰው ከሀገሩ ክምር ሁሉ ለይቶ አንዱን አያቃጥልም። የላከው አለ።"

"ሰይጣን ነዋ" አሉ ባሻ።

"ሰይጣን ሲያቃጥል ያገኘውን ነው። ይህ የተመረጠ ክምር ነው።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ጥሩነሽ፣ ለምን አትጽፊም? ቀለሙ ደረቀብሽ?"

"አዎን አባቴ፣ ደረቀ።"

ጥር 11፣ ጥምቀት

አብረው ቆመው አየሁ። ታቦቱ ሲያልፍ እንኳ እሱን ነው የምታየው። ኃጢአተኛ። እኔም እነሱን ነው ያየሁት።

ጥር 12

ልጅ ሳለን፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደርቤን "ከዚህ እንዳትነቃነቅ" ብዬው ሄድኩ። ለቀልድ ነው። ረሳሁት። ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ እየጮኸች ስትፈልገው፣ እዚያው ቆሟል፤ በበረዶ ተደብድቦ ከንፈሩ ጠቁሯል። "ጥሩ አትነቃነቅ አለችኝ" አላት። ያኔ ተገረፍኩ። ከዚያ ወዲህ የምለውን ይፈጽማል፤ ውሃ ቅዳ ስለው ይቀዳል፣ ዝፈን ስለው ይዘፍናል።

ኅዳር 28 ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የተናደደ ሰው ስንት ነገር ይላል። ሴቱ ሁሉ ልጁን "ገደል ግባ" ይል የለም? ማን ገደል ገባ?

አስታውሳለሁ።

ፍም ይዞ ከነየብርጓል ቤት ሲመጣ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። እንዳላማው የላካቸው ሽማግሎች ከዚያ ቤት ሲወጡ ማየቴ ነው። "የት ላድርሰው?" አለኝ። እኔም "ሂድና ሙላት ክምር ላይ ድፋው!" አልኩት። ያልኩት ይኸው ነው። ከዚያ ውስጥ ገብቼ ምጣድ ስወለውል ጭሱን አየሁ።

ይህን ገጽ እቀደዋለሁ።

ጥር 13

አልቀደድኩትም። ወረቀት አይባክንም።

ጥር 18

ሁለቴ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ከገብርኤል ወዲህ እሳት መጫር ለደርቤ ተፈቅዶለታል። ዛሬም ከነየብርጓል ቤት ፍም ጭሮ ሲመጣ አብሬው ነበርኩ። አያ ሙላት ግቢ የሠርግ ዳስ ተተክሏል። ጣራው ደረቅ ሣር ነው። እንዳላማው ከወጣቶቹ ጋር ምሰሶ ያቆማል። አየኝና ከላይ ሆኖ ጮኸ።

"ጥሩነሽ! ለሠርጌ ትዘፍኛለሽ አይደል? ጉሮሮሽ እንደ አፍሽ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሰማል!"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። የብርጓልም ከደጅ ሆና አፏን ሸፍና ሳቀች። ፊቴ ነደደ። እኔ ዘፋኝ ነኝ ለነሱ!

ደርቤ ፊቴን አየው። እሱ ሌላ ነገር አያውቅም፤ ፊቴን ግን ያውቃል። እንስራ የት ላስቀምጥ እንደሚል ሰው፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ጥሩ፣ እዚህም ልድፋው?"

አዎን አላልኩም። ተው አላልኩም። ዝም አልኩ።

አሰብኩት። ዳሱ ሲነድ። ዋሱ እግር ብረት ገብቶ ሲሄድ። ሠርግ የለም። አንድ ቃል ነው። ቃልም አያስፈልገውም፤ አገጬን ብነቀንቅ ይበቃዋል። ደርቤስ? ደርቤን በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። እውነቱ ይኸ ነው። ወንድሜን አላሰብኩትም።

እሱ መራመድ ጀመረ። ዞሮ አየኝ። ተራመደ፤ ደግሞ ዞሮ አየኝ። የዳሱ ማዕዘን ላይ ደርሶ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ። ገሉን ከፍ አድርጎ ይዞታል።

"ወደ ቤት!" ብዬ ጮኽኩ። ምሰሶ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ዞሩ። "ወደ ቤት ግባ! ወደ ቤት!"

ገባ። ምድጃው ላይ ፍሙን አስቀምጦ "ተቆጣሽኝ?" አለኝ።

ስንት እርምጃ እንደሆነ ኋላ ሄጄ ለካሁት። ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት እርምጃ ሙሉ ዝም ብያለሁ።

ጥር 20፣ ዋዜማ

የዛሬን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ወይራው ሥር ሰው ሞልቷል። እናቴ መሬት ተቀምጣለች። እንዳላማው፣ ዋስ ስለሆነ፣ ከደርቤ ጎን ቆሟል። የኔታ "ደብተሩን አንብቢ" አሉኝ። ጀመርኩ። ውሃ ቀዳ፤ በላ፤ ተኛ። ገብርኤል ላይ ስደርስ "ማንም ሳይነግረው" የሚለው አላነብ አለኝ።

"ምነው?" አሉ የኔታ።

"ውሸት ነው። ነግሬዋለሁ። አለማምጄዋለሁ።"

ባሻ ታረቀኝ ጭናቸውን መቱ። "አላልኳችሁም? እንግዲህ ይደግማል!"

"ካዘዝኩት ይደግማል" አልኩ። "ካላዘዝኩት አይደግምም። ኅዳር 28 ድፋው ያልኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ የመረመራችሁት መመርመር የሌለበትን ሰው ነው።"

እናቴ "ኧረ አንቺ!" ብላ አፏን ያዘች። አያ ሙላት ተነሣ።

"እኔን? ምን በድዬሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?"

እንዳላማው ያየኛል። የብርጓል ታየኛለች። አገር ያየኛል። እውነቱን በሰው ፊት ከምናገር ጣሊያን ቢሰቅለኝ ይሻለኛል።

"ገብሱ ለጣሊያን በቅሎ መሆኑ ቆጭቶኝ ነው" አልኩ።

ከዚያ ባሻ ታረቀኝ እንባቸው መጣ። "የአባቷ ልጅ! ይኸ ነው ደም!" አሉ። ሰው አጉረመረመ። አንዲት ባልቴት እልል አለች። እልልታ! ለኔ! አያ ሙላት ላብ አጠመቀው፤ ከዚህ በኋላ እንዴት አድርጎ ያስረክበኛል? መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አያ ገብረ ማርያም ብቻ አልተነቃነቁም። እኔን አዩ። እንዳላማውን አዩ። የብርጓልን አዩ። "ይሁን" አሉ። "እንደ ተናገረችው ይያዝላት።"

ፍርዱ ይኸ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደርቤ ነጻ ነው። "አዛዥና ታዛዥ ግን አንድ ቤት አይክረሙ" አሉ፤ እኔ ደብረ ወርቅ መነኩሲቷ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ደርቤ አራሽ ሆኖ እንዳላማው ቤት ይገባል። የነሱ ቤት!

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ አያ ሙላት እግር ሥር ተንበረከክሁ። "ማርኩ" አለ፣ በግድ። ድንጋዩን ያነሣችልኝ የብርጓል ናት። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?" አለችኝ።

"ምን ልትሆኚ? ልትለቂልኝ?"

"አለቅም። ሹሩባዬን ግን አንቺን አላሠራም ነበር።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እንዴት ልጥላት? እንዳልጠላት እንኳ አትተወኝ።

ጥር 24

ሠርጉ አለፈ፤ ደርቤም እነሱ ቤት ገባ። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የኔታ ደብረ ወርቅ ጉዳይ ስላላቸው አብረን ነን፤ በበቅሎ ቀድመው ማዶ ይጠብቁኛል። ደርቤ እስከዚህ ድረስ ጓዜን ተሸከመልኝ።

ወንዙ ዳር አስቆምኩት። "ያን ድንጋይ አንሣና እዚያ የምትግጠውን ላም ምታት" አልኩት። ወዲያው አነሣ።

"ጣለው! እምቢ በል።"

"እምቢ በል።"

"አይደለም፤ እምቢ ብቻ።"

ደጋግመን ለመድነው። ድንጋይ አንሣ፤ እምቢ። ውሃው ውስጥ ግባ፤ እምቢ። እየሳቀ ይላል። ከዚያ ገባኝ። እምቢ የሚለው እኔ በል ስላልኩት ነው። የገብርኤሉ ዓይነት ፈተና ሆነ። ተውኩት።

"በቃ ደርቤ፣ ተመለስ። የኔታ ይጠብቁኛል።"

"እምቢ።"

"አሁን ጨዋታ አይደለም። ተመለስ።"

"እምቢ" አለ። አልሳቀም። ጓዜን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅሁት። "አንተስ ደርቤ? አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

ፊቴን አየ። መልሱን እዚያ ሊፈልግ ነው። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ።

ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ "ንፍሮ" አለ።

"ምን?"

"የብርጓል ዛሬ ንፍሮ ትቀቅላለች። ልሂድ።"

ጓዜን ጀርባዬ ላይ አስተካክሎ አደረገልኝ፤ ጉንጬን ሳመኝ፤ ዳገቱን ያዘ። እየተንደረደረ ነው የወጣው። እላዩ ላይ እስኪደርስ ድረስ አየሁት። አንዴ እንኳ ዞሮ አላየኝም።

ንፍሮ! እኔ እኮ ቂጣ ይዤለት ነበር።